ቀረጡ ዜሮ ከሆነ ወረቀቱ ከየት መጣ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ ላይጣጣሉ ተስማምተው ነው የተለያዩት ይባላል። ታዲያ ነጋዴዎቹ እስከ ዛሬ ስለ ወረቀትና ስለ ፍተሻ የሚያማርሩት ለምንድን ነው? ወደ ጉምሩክ ኅብረቱ ብትመለስ አይቀልም? ወይስ እንደ ኖርዌይ ገበያው ውስጥ ገብታ ስደተኛውን ብቻ መቆጣጠር አትችልም? ይህም ካልሆነ በዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ መነገድ ምን ችግር አለው?»

ጥያቄው ሦስት አራት ይመስላል እንጂ ቋጠሮው አንድ ነው። ቀረጥና ኬላ እንደ አንድ ነገር ተቆጥረዋል። አይደሉም። ቀረጥ ገንዘብ ነው፤ ከፍለው ያልፋሉ። ኬላ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ዕቃው የት ተሠራ? በማን ደንብ ተሠራ? ማን መረመረው? ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ እነዚህ ጥያቄዎች አይቀሩም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የሚመጡት ቀረጡ ዜሮ በመሆኑ ነው።

ቀኖቹን አስቀድመን እንያዝ፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ብሪታንያ ከኅብረቱ ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው፣ ብሬግዚት የተባለውን መውጣት ያመጣው ሕዝበ ውሳኔ ጁን 23 ቀን 2016 ተደረገ፤ 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ። ብሪታንያ በይፋ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ዓመቱ እስኪያልቅ ግን የሽግግር ጊዜ ነበርና ንግዱ እንደ ድሮው ቀጠለ። የንግድና የትብብር ስምምነቱ የተቋጨው ዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ነው። ከሳምንት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ነጋዴው መጽሐፍ የሚያህል ሰነድ አንብቦ እንዲዘጋጅ የተሰጠው ጊዜ ያቺ ሳምንት ነበረች።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዜሮ ቀረጡ ከብሪታንያ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ለተሠራ ዕቃ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ነጋዴ የወደቀው እዚች ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ የተሠራ ከረሜላ ያስቡ። እንግሊዝ ካለ መጋዘን ይገባል። ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት ደብሊን ወዳለ ሱቅ ይላካል። ከረሜላው ብሪታንያ ውስጥ አልተሠራም፤ ስለዚህ የብሪታንያን ዜሮ ቀረጥ አያገኝም። ከኅብረቱ አንዴ ወጥቷልና የኅብረቱ ዕቃ መባሉም ቀርቷል። በጉምሩክ ቦንድ መጋዘን ካልተያዘ ወይም ሌላ የጉምሩክ ነፃነት ካልተሰጠው በቀር፣ ከአባል አገር ወጥቶ ወደ አባል አገር እየገባ ቀረጥ ይመጣበታል። በ2021 የመጀመሪያ ሳምንታት ትልልቅ ቸርቻሪዎች ሳይቀሩ የተደናገጡት በዚህ ነው።

ደንቡ የክፋት አይደለም። ብሪታንያ ለቀረው ዓለም የራሷን ቀረጥ ታወጣለች፤ ኅብረቱም የራሱን። የሥሪት አገር ማረጋገጫ ባይኖር ሦስተኛ ወገን ዕቃውን ቀረጥ በሚቀንስበት በር አስገብቶ በሌላው በኩል ያወጣው ነበር። ነፃ የንግድ ስምምነት ባለበት ሁሉ ይህ ማረጋገጫ አለ። ማስረጃ ማሰባሰቡ ከቀረጡ በላይ የሚያስወጣቸው ትንንሽ ላኪዎች አንዳንዴ ቀረጡን ከፍለው መገላገልን ይመርጣሉ። ዜሮ ቀረጥ እያለ ቀረጥ መክፈል ማለት ነው፤ ግን ሒሳቡ ልክ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቀረጥ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። በሰሜን ዌልስ የሜናይ ሰርጥ ውስጥ ማስል የሚባል ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ይረባል። ውኃው በንጽሕና ደረጃ «ለ» የሚባለው ነው፤ ማለትም ማስሉ ከመበላቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ መጥራት አለበት። ድሮ በሕይወት እንዳለ ተጭኖ ሆላንድና ፈረንሳይ ይሄዳል፤ የሚጠራው እዚያ ነው። ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ ይህ አይቻልም። የኅብረቱ ሕግ ከውጭ አገር የሚመጣ ማስል ጠርቶ፣ ለመበላት ደርሶ እንዲመጣ ያዛል። ሕጉ አዲስ አይደለም፤ ብሪታንያ አባል ሳለች አብራ ያጸደቀችው ነው። ውኃው ያው ነው፤ ማስሉም ያው። ቀረጡ ዜሮ ነው። የተለወጠው ብሪታንያ በኅብረቱ አጠራር «ሦስተኛ አገር» መሆኗ ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች በእጅዎ ይያዙ። የትኛውንም አማራጭ ሲሰሙ «ከረሜላውን ያሳልፋል? ማስሉንስ?» ብለው ይጠይቁት።

በዲሴምበር 2017 የኅብረቱ ተደራዳሪ ሚሼል ባርኒዬ ለመሪዎቹ አንድ የደረጃ ሥዕል አሳዩ። ላይኛው እርከን አባልነት ነው። ከዚያ ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ዩክሬን፣ ቱርክ፤ ዝቅ ሲል ካናዳና ደቡብ ኮሪያ፤ ወለሉ ላይ ስምምነት አልባው። በየእርከኑ ለንደን «አልቀበልም» ያለችው ነገር ተጽፏል። የሰዎች ነፃ ዝውውር አልፈልግም ስትል አንድ ደረጃ ትወርዳለች፤ የአውሮፓን ፍርድ ቤት አልፈልግም ስትል ሌላ፤ የራሴን የንግድ ውል ልዋዋል ስትል ደግሞ ሌላ። እየወረደች ካናዳ ጋ ደረሰች። ማንም አልገፋትም፤ በራሷ እግር ነው የወረደችው።

የጉምሩክ ኅብረት። እዚህ ላይ ትልቅ ስሕተት አለ፤ የእርስዎም ጥያቄ ውስጥ አለች። የጉምሩክ ኅብረት ማለት አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ትተው፣ ለውጭው ዓለም ደግሞ አንድ ዓይነት ቀረጥ ማውጣት ነው። የውጭው ቀረጥ አንድ ከሆነ አሹልኮ ማስገባት ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ የሥሪት አገር ማረጋገጫው ይቀራል። ከረሜላው ያልፋል። ማስሉ ግን አያልፍም። የጉምሩክ ኅብረት ስለ ጤናና ስለ ጥራት ደንብ የሚለው ነገር የለም። ስለ አገልግሎትም የለውም፤ ከብሪታንያ ኢኮኖሚ ደግሞ ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ አገልግሎት ነው።

ቱርክን ይመልከቱ። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የጉምሩክ ኅብረት አላት። የሚሸፍነው የፋብሪካ ውጤትንና የተቀነባበረ የእርሻ ምርትን ነው፤ ጥሬው የእርሻ ምርት ውጭ ነው። ሆኖም በቡልጋሪያ ድንበር ካፒኩሌ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ የታወቀ ነው። ሾፌሩ የመተላለፊያ ፈቃድ ይዟል፣ ዲክላራሲዮን ይዟል፣ ቪዛም ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ቀረጥ በሌለበት ድንበር ላይ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። የኅብረቱ መቀመጫ ብራሰልስ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ስትስማማ የኮሪያ ዕቃ ወደ አውሮፓ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ አንዴ አውሮፓ የገባ ዕቃ ወደ ቱርክ ያለ ቀረጥ ማለፍ ስለሚችል የቱርክም በር አብሮ ይከፈታል። የቱርክ ዕቃ ወደ ኮሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ግን አንካራ ሌላ ድርድር ራሷ መጀመር ነበረባት። ድርድሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ውሉ ግን ይመለከታታል። ብሪታንያ በዲሴምበር 2024 የፓስፊክ አገሮችን የንግድ ማኅበር ተቀላቅላለች፤ በጁላይ 2025 ከሕንድ ጋር ፈርማለች፤ በሜይ 2025 ከአሜሪካ ጋር በዓመት 100,000 መኪና በ10 በመቶ ቀረጥ እንዲገባላት ተስማምታለች። ወደ ጉምሩክ ኅብረት መመለስ ማለት ከእነዚህ ውሎች ውስጥ ቀረጥ የሚመለከተውን ክፍል መበጠስ ማለት ነው። ይቻላል። ግን «ይቀላል» የሚባል ነገር አይደለም።

ኖርዌይ። ሌላ የሚያስገርም ነገር፦ ኖርዌይ የጉምሩክ ኅብረቱ ውስጥ የለችም። ያለችው ከ1994 ጀምሮ በሚሠራው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ነው፤ ከአይስላንድና ከሊችተንስታይን ጋር። ይህ የነጠላ ገበያው በር ነው። ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው በነፃ ይንቀሳቀሳሉ። ከስዊድን ጋር በምትዋሰንበት ስቪኔሱንድ ግን የጉምሩክ ጣቢያ አለ፤ ከባድ መኪና ቆሞ ወረቀቱን ያሳያል። እርሻና ዓሣ ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ትኩስ ሳልመን ወደ ኅብረቱ ሲገባ 2 በመቶ ይከፍላል። በጭስ የደረቀው ደግሞ 13 በመቶ። ስለዚህ የኖርዌይ ዓሣ ትኩሱን ተጭኖ ይሄድና ፖላንድና ዴንማርክ ውስጥ ይጨሳል። ሥራውና ደመወዙ እዚያው ይቀራል።

ገበያው ውስጥ ገብቶ ስደተኛውን ብቻ መቆጣጠርስ? አይሆንም። የሰዎች ዝውውር ከአራቱ ነፃነቶች አንዱ ነው፤ ነጥሎ ማውጣት የለም። «ሊችተንስታይን ተፈቅዶላት የለ?» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ኮታ አላት። ግን 160 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትና 40,000 ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ልዩ ፈቃዱ የተሰጣት ለትንሽነቷ ነው። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት አገር ያንን ጠቅሳ ብትጠይቅ ብራሰልስ ውስጥ የሚሰማት የለም። በስምምነቱ አንቀጽ 112 የአደጋ ጊዜ ፍሬን አለ፤ እሱም ከባድ ችግር ሲደርስ የሚያዝ ነው፤ ሌላው ወገንም አጸፋ መውሰድ ይችላል።

ክፍያውም አለ። ኖርዌይ ለኅብረቱ ደኸየት ያሉ አባላት ገንዘብ ታዋጣለች። የነጠላ ገበያውን ሕግ ትቀበላለች፤ ሲወጣ ግን ድምፅ የላትም። ኖርዌጂያኖች ራሳቸው «የፋክስ ዴሞክራሲ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሕጉ ከብራሰልስ በፋክስ ይመጣልና። ለ5 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ሊዋጥ ይችላል። ለንደን ውስጥ ለሚገኝ ትልቅ የፋይናንስ ማዕከል፣ በማይመርጠው አካል ደንብ መተዳደር ሌላ ነገር ነው። ይህ ግን ምርጫ ነው፤ የማይቻል ነገር አይደለም።

ስዊዘርላንድ። ዲሴምበር 6 ቀን 1992 በ50.3 በመቶ ድምፅ ወደ ቀጠናው አንገባም አለች። ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ስምምነት አንድ በአንድ ተፈራርማለች። ከሩቅ ሲያዩት በሁለት ቢላ መብላት ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት አይደለም፤ የ1999ኙ ሰባት ስምምነቶች እርስ በርስ ታስረዋል። አንዱ ሲፈርስ ሁሉም ይፈርሳሉ። ፌብሩዋሪ 2014 ሕዝቡ እንደገና በ50.3 በመቶ ስደተኛ ይገደብ ሲል ብራሰልስ ወዲያውኑ በተማሪ ልውውጡና በምርምሩ ገንዘብ ላይ በር ዘጋች። ስዊሶቹ መጨረሻ ላይ ጥርስ የሌለው ሕግ አውጥተው አለፉ። ኅብረቱ ይህን አሠራር ራሱ አይወደውም፤ ለሌላ ሰው አይደግመውም። አንድ ነገር ግን ከዚህ ይወሰዳል፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከ2009 ወዲህ በስዊዘርላንድና በኅብረቱ ድንበር ላይ የእንስሳት ሐኪም ፍተሻ የለም።

ካናዳ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የብሪታንያ ስምምነት የዚያ ቤተሰብ ነው፤ በቀረጥ በኩል እንዲያውም ይሻላል። የካናዳ ድርድር በ2009 ተጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። «ውል በሦስት ወር እንጨርሳለን» የሚል ፖለቲከኛ ሲሰሙ ይህን ያስታውሱ።

የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ። ይህ አማራጭ አይደለም፤ አማራጭ ሲጠፋ የሚወደቅበት ወለል ነው። ኅብረቱ ውል ከሌለው አገር የሚመጣን መኪና 10 በመቶ ያስከፍላል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ላይ ደግሞ በጣም ይከብዳል። ፍተሻው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ቀረጡ ይጨመርበታል ማለት ነው። ከረሜላውም ማስሉም አያልፉም። «ታዲያ ብሪታንያ ለአውሮፓ ብቻ ዜሮ ታድርግ» ቢሉ፣ የድርጅቱ መሠረታዊ መርሕ ይከለክላል። ለአንዱ የሰጡትን ለሁሉም መስጠት አለብዎት። ከዚህ የሚያመልጠው ጋት የሚባለው የድርጅቱ የቀረጥና የንግድ ስምምነት አንቀጽ 24 ነው፤ እሱም የሁለቱን ወገኖች አብዛኛውን ንግድ የሚሸፍን ውል ይፈልጋል። አንዱ ወገን ብቻውን አንቀጽ ጠቅሶ አይገላገልም። በ2019 ለንደን ውስጥ ይህ አንቀጽ እንደ ድግምት ሲጠራ ነበር፤ የጠሩት ሰዎች ያነበቡት አይመስለኝም።

የሰሜን አየርላንድን ጉዳይ ሳያነሱ የሚቀርብ ዕቅድ ጎዶሎ ነው። በደሴቲቱ ላይ፣ በብሪታንያዋ ሰሜን አየርላንድና የኅብረቱ አባል በሆነችው አየርላንድ መካከል፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ድንበር አለ፤ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ያ ድንበር ክፍት ሆኖ መኖሩ የሰላሙ አካል ነው። ብሪታንያ ሦስት ነገር ፈለገች፦ በደሴቲቱ ላይ ኬላ እንዳይኖር፤ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው ብሪታንያ መካከል ኬላ እንዳይኖር፤ ከነጠላ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም መውጣት። ሁለቱን መያዝ ይቻላል። ሦስቱን አይቻልም። የተተወው መካከለኛው ነው። ሰሜን አየርላንድ በዕቃ በኩል የኅብረቱን ደንብ ትከተላለች፤ ፍተሻው ባሕሩ ላይ ሆነ። የ2023ቱ የዊንዘር ማዕቀፍ እዚያው ለሚቀር ዕቃ «አረንጓዴ መስመር» ከፈተ። ከባድ መኪናው ያልፋል፤ በምትኩ የሥጋና የወተት ማሸጊያው ላይ «ለአውሮፓ ኅብረት አይደለም» የሚል ጽሑፍ ታተመ። ቤልፋስት ውስጥ ፍሪጅ ሲከፍቱ የሚያዩት ብሬግዚት ይህ ነው።

ስለ ኪሳራው መጠን አንድ ጥንቃቄ። የብሪታንያ የበጀት ኃላፊነት ቢሮ የረጅም ጊዜ ምርታማነቱ በ4 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል ብሎ ይገምታል። ግምት ነው። ቆጠራ አይደለም። ኮቪድና የዩክሬን ጦርነት በዚያው ሰሞን መጥተዋልና ማንም በአንድ ፓውንድ ልክ ለይቶ አይነግርዎትም። ሆኖም አቅጣጫው አያከራክርም። አገር ከሁሉ በላይ የሚነግደው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ከሩቅ አገር ጋር የሚፈረም ውል ጥሩ ነው፤ የእንግሊዟን ወደብ ዶቨርን ግን የፈረንሳይዋ ካሌ አጠገብ ያስቀመጣት መልክዓ ምድር ነው።

እንግዲህ ምክሬ። የሰዎች ነፃ ዝውውር እምቢ የተባለ እንደሆነ፣ እስካሁን ያሉት መንግሥታት ሁሉ ደግሞ እምቢ ብለዋል፣ ብሪታንያ የጉምሩክ ኅብረት መፈክርን ትታ ያለውን ስምምነት በየዘርፉ መጠገን አለባት። መጀመሪያው የምግብ፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ጤና ነው። ስዊዘርላንድ ያደረገችውን ማድረግ። የኅብረቱን ደንብ ዛሬ መቀበል ብቻ ሳይሆን ነገ ሲለወጥም አብሮ መለወጥ። ክርክር ሲመጣ ስለ ኅብረቱ ሕግ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መሆኑን መዋጥ። ይህን ሳይቀበሉ ፍተሻ ይነሳልኝ ማለት ባዶ ልመና ነው። ቀጥሎ ፋብሪካዎች የጭስ ልቀት ፈቃድ የሚገበያዩበትን የካርቦን ገበያ ማገናኘት፤ ከዚያ የፋብሪካ ዕቃ የጥራት ምርመራን እርስ በርስ መቀበል። መራጩ ስለ ዝውውር ሐሳቡን ከለወጠ ደግሞ መሄድ ያለባት ወደ ኖርዌይ እርከን ነው፤ ወደ ቱርክ አይደለም። የቱርኩ ብዙ ነፃነት ወስዶ ጥቂት ፍተሻ ብቻ ያነሳል።

በሜይ 19 ቀን 2025 ለንደን ላይ ሁለቱ ወገኖች ወደዚሁ አቅጣጫ ለመሄድ ተስማምተዋል፤ ብሪታንያም የአውሮፓ ጀልባዎች በውኃዋ ውስጥ እስከ 2038 እንዲያጠምዱ ፈቅዳለች። ነጋዴ ከሆኑ ግን ይጠንቀቁ። ለመደራደር መስማማትና ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ሁለት ነገር ናቸው። አዲሱ ደንብ ታትሞ የሚጀምርበት ቀን እስኪቆረጥ ድረስ የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ ያለበት የጤና ሰርተፍኬት ግዴታ ነው፤ ትራንዚተርዎ «ሊቀር ነው እኮ» ቢልዎትም። የሥሪት አገር ማስረጃ ደግሞ የጤናው ስምምነት ቢቋጭም አይቀርም፤ የአቅራቢዎን የጽሑፍ ማረጋገጫ ቢያንስ ለአራት ዓመት ፋይል አድርገው ያስቀምጡ። ከረሜላው ያንን ይፈልጋል። ስምምነቱ እውነት መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ መግለጫውን አያንብቡ። የሜናይ ማስል በሕይወቱ ተጭኖ፣ ሳይጠራ፣ እንደ ድሮው ሆላንድ መግባት አለመግባቱን ይጠይቁ።